እጅ የሚወርድበት ቁጥር

ጥቅምት 18፣ 2006

ሦስት ሬዲዮ፣ አንድ ቴፕ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ ጠገንኩ። የተለመደ ቀን። አዝመራ ስለደረሰ ከተማችን ገንዳ ውሃ በቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቃለች። ሁሉም ማጭድና አንዲት ሬዲዮ ይዞ ነው ከደጋ የሚወርደው። ማጭዱ አይበላሽም፣ ሬዲዮዋ ግን ትበላሻለች። ዕድሜ ለሷ።

ከሰዓት ጋሽ እንግዳው ፒክአፓቸውን ሱቄ በር ላይ አቆሙ። የሰሊጥ እርሻ ባለቤት ናቸው፣ አዲስ ቤት እየጨረሱ ነው። ገና ሞተሩን ሳያጠፉ "የነዳጅ ኖዝሉን ያሳዩት፣ አንዱ ያንጠባጥባል" አልኳቸው ከውስጥ ሆኜ። ሳቁ። "የይርዳው ጆሮ እኮ የጉድ ነው! መካኒኩ ሦስት ቀን ፈታቶ ያጣውን!" ከዚያ ሥራውን ሰጡኝ። ሆም ቴአትር፣ ለአዲሱ ሳሎን። ቤቱ ለገና ይመረቃል፣ ከጎንደርም ከአብደራፊም ባለሀብቶች ይጠራሉ። "አንተ ካሳመርኸው ሁሉም ያንተ ደንበኛ ነው" አሉ። ካላሳመርኩትስ? አልጠየቅኩም።

ለሰገነት ስነግራት እራቷን ትታ ከመጀመሪያው እንደገና አስወራችኝ። ሚስት ስትደሰት ቤቱ ይሰፋል።

ያች ሰዓቷ ብቻ... እናቷ የሰጠቻት የጠረጴዛ ሰዓት። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። በነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ቀበርኳት። አሁንም ትሰማኛለች። ሰው ስንት መከራ አለበት፣ እኔን የሰዓት ኮቴ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጥቅምት 25

ሷሊህ ዕቃውን ከመተማ ዮሐንስ አመጣ። የሱዳን ድንበር ላይ ነው የሚነግደው፣ አሥር ዓመት እንተዋወቃለን። "ወላሂ፣ ከገዳሪፍ እስከዚህ አንድ ጭረት አልነካውም!" እውነቱን ነው። ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ሁለት የፊት ሳጥኖች፣ ለንግግር የሚሆን አንድ የመሐል፣ ሁለት ትንንሽ የኋላ፣ አንድ ከባድ የቤዝ ሳጥን፣ አምፕሊፋየሩ።

መሞከሪያ ዲቪዲም አለው። ድምፁ ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ ይሄዳል፣ የቅጥነቱ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይሮጣል። ሃያ... ሰማንያ... ሺህ... አሥር ሺህ... ከሰገነት ጋር ተወራረድን። ሁለታችንም እጃችንን እናነሣለን፣ መስማት ያቆመ ያወርዳል። እኔ አሥራ አራት ሺህ ላይ አወረድኩ። እሷ አሥራ አምስት ሺህን አለፈች።

"የሴት ጆሮ ለወሬ ነው የተሠራ" አልኳት።

"ለባል ውሸት ነው የተሠራ" አለች።

ዲቪዲውን ለራሴ ገለበጥኩት። ለወደፊት ይጠቅማል።

ኅዳር 2

ጋሽ እንግዳው ዕቃቸውን ሊያዩ ሱቅ መጡ። ልንጣላ ምንም አልቀረን። አምፑ ስለ እያንዳንዱ ሳጥን ይጠይቃል፦ ላርጅ ነው ስሞል? ሁሉንም ስሞል አደረግኩ። ጽሑፉን አነበቡት።

"ምን አልህ? ስሞል? እኔ ትንሽ ነው እንዴ የገዛሁ?"

"ጋሽዬ፣ ይኸ የሳጥኑን ቁመት አይደለም የሚጠይቅ..."

"ሰው አይቶ ምን ይላል? እንግዳው ትንሽ ገዛ! ይባልልህ?"

ስሞል ማለት ወፍራሙን ድምፅ ራሱ አይሸከምም፣ ለቤዙ ያሳልፋል ማለት ነው አልኳቸው። ክሮስኦቨር የሚባለው የሚከፈልበት ቁጥር ነው፤ ሰማንያ ካልነው ከሰማንያ በታች ያለው ወደ ቤዙ፣ በላይ ያለው ወደ ፊቶቹ። ቁጥሩን ከመጠን በላይ ብናወጣው ደግሞ ሰውየው ስክሪኑ ላይ ቆሞ ድምፁ ከሶፋው ጥግ መምጣት ይጀምራል። አልገባቸውም። ላርጅ አደረግኩና ሄሊኮፕተር ያለበት ፊልም ከፈትኩ። የፊት ሳጥኖቹ ከዐቅማቸው በላይ ሲንተፋተፉ ንግግሩም አብሮ ታመሰ። ወደ ስሞል መለስኩት፣ ሰማንያ። ሄሊኮፕተሩ ደረት ውስጥ ገባ፣ ንግግሩ ጠራ።

"ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አልኳቸው።

"ይኸን ከመጀመሪያው አትለኝም!" አሉ። ሲወጡ ግን ከበር ተመለሱ። "በምርቃቱ ቀን ያ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ።"

ኅዳር 9

ማታ ማታ ትኩሳት። ወባ ነው ብዬ ተመረመርኩ፣ ወባ የለም አሉ። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገብቷል፣ ሆዴ ግን በግራ በኩል ጠጥሯል። ሰገነት እጇን አሳረፈችበትና "ሆስፒታል ሂድ" አለችኝ።

ኅዳር 14

ካላዛር።

የያዘኝ ግንቦት ላይ ነው። አብደራፊ አጠገብ ካንድ እርሻ ጄኔሬተር ስጠግን ሁለት ሳምንት ግራር ሥር ተኛሁ። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ተሰነጣጥቆ እግር ይውጥ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ "እዚያ አትተኛ ልጄ፣ ከስንጥቁ የሚወጣው ዝንብ ክፉ ነው" ብለውኝ ነበር። የቆላ ልጅ ነኝ፣ ምን ያደርገኛል... እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል።

ሲስተር ሠላማዊት የምትባል ነርስ አስረዳችኝ። ካልታከሙት ይገድላል፣ ከታከሙት ይድናል። በቀን ሁለት መርፌ፣ አሥራ ሰባት ቀን። ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ እንድወጋ ተፈቀደልኝ። "አንደኛው መርፌ ጆሮ ሊነካ ይችላል። ጆሮህ ከጮኸ ወይ መስማትህ ከቀነሰ በዚያው ቀን ንገረኝ። በዚያው ቀን!" እሺ አልኳት።

ኅዳር 16

አንድ። ሁለቱም መርፌ ያማል። አሥራ ስድስት ይቀራል።

ኅዳር 21

ስድስተኛ ቀን። ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ቀጭን ነው፣ ከሩቅ እንደሚሠራ የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን።

ደስ አለኝ። እዚህ ቆላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለወባ ኩዊኒን ሲውጡ ጆሮ ይጮሃል። ካልጮኸ መድኃኒቱ አልያዘም ይባላል። እናቴ ጠዋት ተነሥታ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ጮኸልህ?" ነበር፣ አዎ ስላት "እሰይ!" ትል ነበር። በሳምንቱ ራሱ ይተዋል። ይኸም እንደዚያ ነው። በሽታው እየወጣ ነው።

ሲስተር ሠላማዊት ወረቀቷን ይዛ ጠየቀችኝ። "ጆሮህስ?" "ደህና" አልኩ። ለምን ዋሸሁ? ብነግራት መርፌውን ታቋርጠዋለች። ወይ ጎንደር ትልከኛለች፣ ጎንደር ከሄድኩ ደግሞ ገና አለፈ፣ ሥራውም አለፈ። የያዘልኝን መድኃኒት ለምን ላስቋርጥ?

ኅዳር 23

ሰዓቷ ቆመች! ባትሪዋ አልቆ ይሆናል። ለጥ ብዬ አደርኩ። ለሰገነት አልነገርኳትም፣ ባትሪ ትገዛለች።

ኅዳር 25

ዕቃውን ጋሽ እንግዳው ሳሎን ዘረጋሁት። ቤዙን ከጥጉ አንድ ክንድ አራቅኩ፣ ሁሉንም ስሞል፣ ሰማንያ። ወፍራሙ ግሩም ነው። ቀጭኑ ግን... የታለ? ሙዚቃው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም። መጋረጃው ይሆን? ምንጣፉ? ክሮስኦቨሩን ስድሳ አወረድኩ፣ መቶ ሃያ አወጣሁ። ያው ነው። ቀጭኑን ጨመርኩ። ትንሽ ይሻላል። አሁንም ጨመርኩ።

የጋሽ እንግዳው ባለቤት የሎሚ ጭማቂ ይዘው ገቡ። ትሪውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ምን ሆነው ነው?

ኅዳር 27

ሳጥኖቹን ፈታሁ። ቱዊተሮቹ፣ እነዚያ ቀጭኑን የሚያወጡት ትንንሾቹ፣ የውሸት ናቸው። ከሱቄ ሌላ አመጣሁና ገጠምኩ። ምንም ለውጥ የለም። ለሷሊህ ደወልኩ። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሸጥህልን አልኩት። ሌባ አልኩት። አሥር ዓመት የማውቀውን ሰው።

ስልኬም ተበላሽቷል መሰለኝ። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣ።

ኅዳር 28

ሷሊህ ራሱ ከመተማ ዮሐንስ መጣ። በስልክ አልመለሰልኝም ነበር። ጋሽ እንግዳው ሳሎን ወሰድኩትና ዘፈን ከፈትኩለት። ወዲያው ብድግ ብሎ ቀነሰው።

"ያ አኺ፣ ወንድሜ! ይኸ እኮ ጆሮ ይበሳል! ምን እያደረግህ ነው?"

"ቀጭኑ የለም።"

"ከቀጭን በቀር ምን አለውና ነው የለም የምትል?"

ጆሮዬን አየ፣ መልሶ ፊቴን። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

"ሰዎች ሲሉ አላመንኩም ነበር" አለ። "ይርዳው ሰሞኑን የሰው ሬዲዮ ያበላሻል ይላሉ። ሬዲዮው እያፏጨ፣ እሱ ደህና ነው ውሰድ ይላል ይላሉ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ስለ ሐሜት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

"ኸላስ፣ በቃ" አለና ሄደ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 29

ሱቁን በቀን ዘግቼ ቤት ገባሁ። ዲቪዲውን ከትቼ ሰገነትን ጠራሁ። "እንወራረድ" አልኳት። ሳቀች፣ እጇን አነሣች። እኔም አነሣሁ።

ሰማንያ ደረቴን ነካው። መቶ። አምስት መቶ። ሺህ። ሁለት ሺህ። ሦስት ሺህ። አራት ሺህ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ላይ ድምፁ ተቋረጠ። ዲቪዲው ተጭሯል ብዬ እጄን አወረድኩና ልከፍተው ሄድኩ። ዞር ስል ሰገነት እጇን አንሥታ ቆማለች።

አምስት ሺህ። ስድስት ሺህ። ስትስቅ ነበር፣ ሳቁ ከፊቷ ቀስ እያለ ጠፋ። "አይሰማህም?" አለች፣ ከከንፈሯ ነው ያየሁት። ስምንት ሺህ። አሥር ሺህ። እጇ አልወረደም። እንድታወርደው ፈለግኩ። ዋሽታም ቢሆን... አልወረደም።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ልብሱን በተንኩ፣ ነጠላውን ፈታሁ። ሰዓቷ ትሄዳለች። ቀይዋ የሰከንድ ቆጣሪ ትዘላለች። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኳት። የለም። በጣቶቼ ስይዛት ምቷ ይሰማኛል፣ በጣቴ።

ፈራሁ። ካላዛር ሲሉኝ እንኳን እንዲህ አልፈራሁም።

ኅዳር 30

ለሲስተር ሠላማዊት ነገርኳት። "ከመቼ ጀምሮ?" አለች። ከስድስተኛው ቀን አልኩ። ወረቀቱን ገለበጠች። በየቀኑ በራሷ እጅ ጽፋለች፦ ደህና፣ ደህና፣ ደህና... ዘጠኝ ደህና።

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?" አለችና ወዲያው ደነገጠች። "ይቅርታ" አለች። እሷ ናት እኔን ይቅርታ የምትለኝ።

ጆሮ የሚነካው መርፌ ዛሬውኑ ቆመ። ሌላው ብቻውን እስከ ሠላሳኛው ቀን ይቀጥላል። የሄደው ይመለሳል ወይ አልኳት። "ብዙ ጊዜ አይመለስም። መርፌው ቢቆምም ለጥቂት ሳምንታት ሊቀንስ ይችላል፣ እንከታተለዋለን።"

ቤት ስገባ ቆጠርኩ። ሠላሳኛው ቀን ታኅሣሥ 15 ነው። ከገና ሁለት ሳምንት በፊት። ጎንደርም አልላከችኝ። በስድስተኛው ቀን ብነግራት ኖሮ ሥራውም ጆሮውም ነበረኝ። ማስላት እንኳን አልቻልኩም? አልጠየቅኩም እኮ። ዝም ብዬ ነው የፈራሁት።

ታኅሣሥ 8

ሷሊህን ይቅርታ ጠየቅኩት። መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄጄ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ፊት። ሌባ ያልኩት በስልክ ነበር፣ ይቅርታው ግን በሰው ፊት ይሁን አልኩ። ተቀበለኝ። "ለማን ነግረሃል?" አለ። ለሰገነትና ለሲስተር ብቻ። "እኔም አልሰማሁም" አለ።

ከሰዓት ሰገነትን ይዣት ወደ ሳሎኑ ሄድኩ። ለጋሽ እንግዳው "ሕመሙ አድክሞኛል፣ ዕቃ ታቀብለኛለች" አልኳቸው። አመኑ። የራሳቸውን ቱዊተሮች መልሼ ገጠምኩ። እኔ መዳፌን ቤዙ ላይ፣ ሌላውን የፊት ሳጥኑ ላይ አሳርፌ የክሮስኦቨሩን ቁጥር ቀስ በቀስ አወረድኩ። መቶ ሃያ ላይ ቤዙ ብቻውን ይመታል። መቶ። ሰማንያ ላይ የሁለቱ እጆቼ ምት እኩል ሆነ። ወፍራሙ የኔ ነው፣ እሱን ማንም አልወሰደብኝም።

ለቀጭኑ እሷ ሶፋው መሐል ተቀመጠች። እጇ ከፍ ሲል ጨምር፣ ሲወርድ ቀንስ፣ ስትጨብጠው በቃ። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ላብ በላብ ሆነን ጨረስን። አንዴ "የመሐሉ ያፏጫል፣ ልክ 'ስ' ስትባል" አለችኝ ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ ከንፈሯን እያሳየችኝ። የኔ ቃል ነው፣ እኔ ነኝ እንዲህ እላት የነበርኩ። ኮራሁባትም፣ ቀናሁባትም።

ሲመሽ ዲቪዲውን ሞከርን። አራት ሺህ።

ታኅሣሥ 15

የመጨረሻ መርፌ። ሆዴ ለስልሷል፣ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወጥቷል። ሐኪሙ "ድነሃል" አለኝ። ወፍራም ድምፅ አለው፣ ጥርት ብሎ ሰማሁት።

ሦስት ሺህ ስምንት መቶ።

ታኅሣሥ 29

ቤቱ ተመረቀ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው። ጋሽ እንግዳው ራሳቸው ሪሞቱን ይዘው ያን የሄሊኮፕተር ፊልም ከፈቱ፣ አንድ የአብደራፊ ባለሀብት ጎንበስ ብሎ ጣሪያውን አየ። ሳቅ ሆነ። "ስሞል የሚባል ዘዴ አለው!" አሉ ጋሽ እንግዳው ለሁሉም፣ ራሳቸው እንደፈጠሩት። "ያልቻለውን ላልደከመው ያስተላልፋል!" ሁለት ሰው እዚያው ሥራ አዘዘኝ። ሰገነት ከጎኔ ሆና የተናገሩትን ቀስ ብላ ትደግምልኛለች፣ ሰው ግን ፍቅር ነው ይላል።

በመጨረሻ አስነሡኝ። "ይኸን ጆሮ እግዚአብሔር ይጠብቅልን!" ብለው መረቁኝ። የሴቶቹን እልልታ በአፋቸው አየሁት፣ ምላሳቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የወንዶቹ አሜን ግን ተሰማኝ። ወፍራም ነው። ሰገነት አሜን አላለችም፣ መሬት መሬት ታያለች።

ጥር 4

ሦስት ሺህ አራት መቶ። የፈሩት ይደርሳል።

ሲስተር ሠላማዊት መቀነሱ ይቆማል ትላለች፣ የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። የት? አታውቅም። ሰው ሲያወራ የሚያስፈልገው እስከ ስንት ነው ብዬ ዲቪዲውን ከፍቼ ሳሰላ ዋልኩ። የሰገነት ድምፅ እስከ ስንት ይሄዳል? ይኸን ማስላት አልወደድኩም፣ ተውኩት።

ጥር 11

ጥምቀት። ከበሮው ከሩቅ መጣልኝ፣ እግሬ ሥር ድረስ። ጸናጽሉ ግን እላይ ያብለጨልጫል ብቻ። የሰው ብዛት፣ ያ ሁሉ ጸናጽል፣ አንድ ድምፅ የለውም። ቆሜ አየሁ። አለቀስኩ፣ ሰው ለታቦቱ መሰለው።

ጥር 18

እሑድ ነው፣ የመሞከሪያችን ቀን። ፊት ለፊት ቆመን እጃችንን አነሣን። ቁጥሩ ሮጠ። ሁለት ሺህ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ሦስት ሺህ ላይ ጠፋብኝ፣ አወረድኩ።

ሰገነትም አወረደች። ከኔ እኩል።

"እኔም ከዚህ በላይ አልሰማሁም" አለች ከንፈሯን እያሳየችኝ። "ጉንፋን ይዞኝ መሰለኝ።"

ዐይኗ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። እጄ ላይ ነበር።

ቁጥሩን የምጽፍበትን ደብተር አወጣሁና የኔን ሦስት ሺህ ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑ የሷንም ሦስት ሺህ።